ስሙ ኢ-ካድሄሪን ነው

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ ያደረግነው ተራ ነገር በለስ መብላት ነበር። ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ክረምት ሲገባ ሻጮች በለሱን በሳፋ ደርድረው ይቀመጣሉ። ሻጭዋ እየላጠች ታቀብላለች፤ ገዢው ቆሞ ይጎርሳል። ከደሴ አግብቼ መቐለ ስመጣ በለስ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። በለስ ላይ ማንም አይቀድመውም ነበር። የሰፈሩን ወጣቶች ተወዳድሮ ያሸንፍ ነበር፤ አሸንፎም ለአንድ ሳምንት ይፎክራል።

ያን ቀን ሁለት በላ። ሦስተኛውን ወደ እኔ አሳለፈው።

«ጠገብኩ።»

ሻጭዋ ከቆየ ደንበኛዋ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። ቢላዋዋን ይዛ ቀና አለች።

«ኣንታ ሰብኣይ፣ ምን ሆነሃል? የኔ በለስ ነው ወይስ ሚስትህ ምሳ አብዝታ ነው?»

«ሚስቴ ትብላ። እኔ ሹፌር ነኝ፣ እሷን ጭኜ መመለስ ነው የኔ ሥራ።»

ሳቅን። እኔ የእሱንም ድርሻ ጨምሬ በላሁና በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። እጄ ላይ የቀረውን የእሾህ ፀጉር በረንዳ ላይ ተቀምጦ በወረንጦ ነቀለልኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ሁሉ የሕመም ነው፤ ተራ የሚባል አልነበረውም።

ባለቤቴ ብዙ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ በኋላ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት የልብስ ስፌት ሠራተኞችን የሚያመላልስ አውቶቡስ ያዘ። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አማርኛ አስተምራለሁ። እሱ ከልጆቻችን ጋር በትግርኛ፣ እኔ በአማርኛ እያወራን፣ አንድ ገበታ ላይ ሁለቱም ቋንቋ ተቀላቅሎ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረናል። ልጆቻችን ስል አንዲቱን ማለቴ ነው፤ ሁለተኛው ሳይወለድ ቀርቷል። ከልማድ እንደ ብዙ አድርጌ እጠራታለሁ።

መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባለ። ማን ጨጓራ የሌለበት አለ? በቱቦ አዩት፤ የጨጓራው ገጽ ለስላሳ ነው፣ ቁስል የለም አሉ። በርበሬ ተው፣ ይህን ክኒን ዋጥ አሉት። እሱም በርበሬ ተወ፣ ክኒኑን ዋጠ፤ ሱሪው ግን ከወገቡ ላይ ይወርድ ጀመር። የፋብሪካው ልጃገረዶች «ኣቦይ፣ ቀበቶ እንግዛልህ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ቱቦው ሲገባ ከብዙ ቦታ ትንንሽ ቁራጭ ወሰዱ። ያን ጊዜ ተገኘ።

በአገራችን ሐኪም ክፉ ነገር ሲያገኝ ለታማሚው አይነግርም። ከቤተሰቡ ጠንከር ያለ ሰው ይጠራል። ጠንከር ያለች የተባለችው የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ለእኔ የተነገረኝ ከእሷ በኋላ ነው፤ ያውም በእሷ አፍ፣ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆመን።

«ሰምተሻል፣ መርዓት» አለችኝ። ሙሽራ ማለቷ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳም እኔ ለእሷ ሙሽራ ነበርኩ። «ለወንድሜ ትንፍሽ እንዳትዪ። ከነገርሽው ዛሬውኑ ይሞታል። ለሌላም ሰው ጨጓራ ነው፣ በቃ።»

«እትዬ፣ የራሱ ሆድ እኮ ነው።»

«የሱ ብቻ መሰለሽ? እኔ ያላገቡ ሴቶች ልጆች አሉኝ። አንቺም አለሽ።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። እዚህ አገር ልጅ ሲታጭ የሁለቱ ወገን ዘር ይጣራል። የሚጣራው ዝምድና ብቻ አይደለም፤ ደም ውስጥ ያለ በሽታም ይጠየቃል። «ከእነ እገሌ ቤት አትግቡ» ከተባለ ልጃገረዶቹ የአባታቸው ቤት ይቀራሉ። እህትየው ክፉ ሰው አይደለችም። ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት። ግን የምትጠብቀው ቤት ነበራት፤ ቤቷንም በዝምታ ነበር የምትጠብቀው።

በማግስቱ ጠዋት ነገርኩት። ጢሙን እየተላጨ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው። ካንሰር ነው አልኩት፣ ቃሉን ሳላለሳልስ። ምላጩን አጠበና የቀረውን ጉንጩን ላጨ። ከዚያ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አባቴም እንዲህ ነበር» አለ።

«አባትህ በጠላ ውስጥ መርዝ ተደርጎበት ነው አላልከኝም?»

«እንደሱ ብለው ነው የነገሩኝ። እኔ ግን አብሬው እበላ ነበር። ሁለቴ ጎርሶ ትሪውን ወደኛ ይገፋው ነበር። ልጆች ስለነበርን ደስ ይለን ነበር።»

ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ አጠፈው። «ለልጃችን ንገሪያት» አለኝ።

«አንተ ንገራት።»

«እህቴ ትገድለኛለቻ።»

«አሁን አንተን ምን ልታደርግህ ትችላለች?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባለትዳር ያልነበረ ሰው ይህን ሳቅ አይረዳውም፤ እንዲረዳውም አልጠይቅም።

ቁራጩን ያየችው ሐኪም አንድ ቀን እኔንና እህትየውን አስቀምጣ፣ «በቤተሰቡ ውስጥ በእንዲህ ያለ ሕመም የሞተ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ሳልከፍት እህትየው «የለም» አለች። ሐኪሟ ጻፈችው። ባለቤቴ የሚቀጥለው በለስ ሳይደርስ ሞተ።

ድንኳን ተተከለ። የባለቤቴ ዘመዶች ከገጠርም ከከተማም መጡ። አልቃሾቹ ሹፌርነቱን፣ ደግነቱን፣ ቁመቱን እያነሱ አለቀሱ። በልቅሶ የሟች ሁሉም ነገር ይነሳል፤ ምን እንደገደለው ብቻ አይነሳም። እኔ ጥቁሬን ለብሼ መሐል ተቀምጫለሁ። አጠገቤ የባለቤቴ የአባቱ እህት፣ ዐይናቸው የደከመ አሮጊት፣ እጄን ይዘው ይደባብሱኛል። ወንድማቸውን፣ ሌላ ወንድማቸውን፣ አንዲት እህታቸውን እየጠሩ ከባለቤቴ ጋር አብረው ያለቅሷቸዋል። እያለቀስኩ ሐኪሟ የጠየቀችው ጥያቄ መጣብኝ።

«አደይ» አልኳቸው፣ «ታናሽ ወንድምዎ በመጨረሻ ምግብ ይበላ ነበር?»

«እሱማ ቡዳ በልቶት ነው፣ ጓለይ።»

«ይሁን። ግን ይበላ ነበር?»

አሰቡ። «አይበላም። ሁለት ጉርሻ ይጎርስና ጠገብኩ ይላል። እናታችን ትቆጣው ነበር።»

«እህትዎስ?»

«እሷ ጾም አብዝታ ነው። ፍስክም ሲሆን እንደ ጾም ነበረች።»

አንዲት የባለቤቴ የአክስት ልጅ ከኋላ ገባችበት። የእሷ ወንድም ከሱዳን ሲመለስ ይዞት በመጣ በሽታ ነው የሞተው፤ እሱም ትሪ ይገፋ ነበር። ሌላዋም ስለ አባቷ ተናገረች። እያንዳንዱ ሞት የራሱ ስም ነበረው፤ መርዝ፣ ቡዳ፣ ጾም፣ የሱዳን ውሃ። ስሞቹን ሁሉ ከላያቸው ካነሳህ የሚቀረው አንድ ነገር ነው። በወጣትነታቸው ወይም በጎልማሳነታቸው፣ ሁሉም ሁለቴ ጎርሰው ጠግበዋል።

እህትየው ከድንኳኑ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታለች።

«ይቺ ጓል ወሎ ልቅሶ ነው የተቀመጠችው ወይስ ፍርድ ቤት ነው የከፈተችው?»

የወሎ ልጅ ማለቷ ነው፤ ከነጠላ ሥር የሳቀ ሰው ነበር። እኔ አልተነሳሁም።

«ልቅሶዬ ነው፣ እትዬ። እንደፈለግሁ ላልቅስበት።»

ከአርባው በኋላ ብቻዬን ወደ ሐኪሟ ሄድኩ። በዕድሜ ከልጄ ብዙም የማትርቅ፣ እጇ ላይ የቀለም እድፍ ያለባት ሴት ናት። በድንኳን የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ፣ «ማየት ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

እፈልጋለሁ አልኳት። ማይክሮስኮፑን አስተካከለችልኝ። መጀመሪያ ጤናማው ነው። ሕዋሳቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ በመሐላቸው ክፍተት የለም። ቀጥላ ሌላ መስታወት አስገባች። ይህ የባለቤቴ ነው። ሕዋሳቱ በየቦታው፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተበትነዋል። ሆዳቸው ተነፍቷል፤ አስኳላቸው ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። ፈርጥ ያለው ቀለበት ይመስላሉ። በሙያቸውም የቀለበት ሕዋስ እንደሚሏቸው ነገረችኝ። የጋብቻ ቀለበቴ ጣቴ ላይ ነበር፤ እሷም አየችው።

«ለምን ተበተኑ?» አልኳት።

«የሚያያይዛቸው ፕሮቲን ጠፍቶ ነው። ኢ-ካድሄሪን ይባላል። በሕዋሷ ቆዳ ላይ ነው የሚኖረው። አንዱ ጫፉ ውስጥ ካሉት ክሮች ጋር ታስሯል፤ ሌላው ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቶ የጎረቤቷን ኢ-ካድሄሪን ይይዛል። ካልሲየም ካለ ይጸናል። ተያይዘው እያሉ አንዷ ከቦታዋ አትነቃነቅም።»

«ሲጠፋስ?»

«ትለቃለች። የለቀቀች ደግሞ ትሄዳለች። አንድ በአንድ ስለሚሄዱ እብጠት አይሠሩም። ከላይ ለሚያይ ጨጓራው ለስላሳ ነው፤ እነሱ ከሥር ናቸው።»

የመጀመሪያው ቱቦ ለምን ምንም እንዳላየ ያኔ ገባኝ። ይህን ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠሩት ለሕዋሳቱ የሚነግረውን ዘረ መል ሁላችንም ሁለት ይዘን እንወለዳለን፣ አለችኝ፣ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። አንዱ ከልደት የተበላሸ ከሆነ ሰው በአንዱ ይኖራል። ሁለተኛውም በአንዲት ሕዋስ ውስጥ የተበላሸ ቀን ነገሩ ይጀምራል። የተበላሸውን ከያዘ ሰው የሚወለድ ልጅ ግማሽ ዕድል አለው፤ ይወርሳል ወይም አይወርስም። ሴቶች ላይ በጡትም ሊመጣ ይችላል።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ዘረ መሉን የሚያነብ ምርመራ እዚህ የለንም። ማስረጃዬ እርስዎ ያመጧቸው ሟቾች ናቸው። ግን እኔ ብሆን ምርመራው እስኪመጣ አልጠብቅም። በሕይወት ያሉት ሳያማቸው ይምጡ። በየዓመቱ ቱቦ ገብቶ ከብዙ ቦታ ይወሰድ።»

ስሙን ደጋግሜ አልኩት፤ መጀመሪያ አፌ አልያዘልኝም ነበር። ኢ-ካድሄሪን። ከዚያ ወዲህ ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ሁሉ ከዚህ ስም ጋር ይጋጫል። አንዱ ፈተና ነው ይለኛል፣ ሌላው የሰው ዐይን ነው ይለኛል። አንዲት ባልደረባዬ፣ አማርኛ አስተማሪ እንደ እኔ፣ ታሪኩን ሰምታ፣ «አየሽ፣ ፕሮቲኑ እንደ ቤተሰብ ነው፤ ፍቅር ሲጠፋ ሰው ይበተናል» አለችኝ። ከእሷ ጋር ተጣላሁ። ባለቤቴ ፍቅር አልጎደለበትም። ቤታችን አልተበተነም። እኔ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ሻማ አበራለሁ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ጠብ የለኝም። ባሌን የገደለው ግን መኖር ባለበት ቦታ ያልነበረ ፕሮቲን ነው። ምሳሌ አልፈልግለትም። ምሳሌ እየተሰጠው፣ ሌላ ስም እየወጣለት ነው ያን ሁሉ ሰው የፈጀው።

ልጄ ታጭታ ነበር። አባቷ በመታመሙና በመሞቱ ሠርጉ ተራዝሞ ነው የቆየው። ከሐኪሟ ስመለስ፣ ሕመሙ ሊወረስ እንደሚችል አስቀምጬ ነገርኳት። እንደ አባቷ ናት፤ ከሁሉ የሚከብደውን ትናገራለች።

«እሱ ያውቃል» አለችኝ፣ ስለ እጮኛዋ። «አባዬ ሲታመም የጠረጠርኩትን ነግሬዋለሁ። አባቱ ግን አያውቁም።»

«ሙት ዓመቱ ሲያልፍ የሠርጉን ቀን ለማስቆረጥ ሽማግሌ ይልካሉ።»

«ይወቁታ።»

«ሊተዉሽ ይችላሉ።»

«እማ፣ አንቺ ንገሪያቸው። እኔ ከተናገርኩ አለቅሳለሁ፤ ሲያዝኑልኝ ማየት አልፈልግም።»

ሽማግሌዎቹ ሙት ዓመቱ ባለፈ በሁለተኛው እሑድ መጡ። የልጁ አባትም አብረው ነበሩ። እህትየው እንደ ወጉ ከእኛ ወገን ተቀምጣለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ውሃው ወረፋ፣ ስለ ሟች ደግነት ተወራ። ከዚያ ቀን ይቆረጥልን ተባለ። ከመቆረጡ በፊት የምናገረው አለ አልኩ። እህትየው ክርኔን ያዘችው፤ አላስለቀቅኩትም፣ ግን ተናገርኩ። የባለቤቴን ሕመም በስሙ ጠራሁት። አባቱን፣ አጎቱን፣ አክስቱን ጨመርኩ። ልጄ ወርሳም ሊሆን እንደሚችል፣ ሳትወርስም ሊሆን እንደሚችል፣ በየዓመቱ እንደምትታይ ነገርኳቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ልጅቷ ታማለች?»

«አልታመመችም።»

«ታዲያ ያልመጣ እንግዳ ምን ብለሽ ትጠሪብናለሽ? ሰው እንዲህ ያለውን ይደብቃል እኮ።»

«ሲደበቅ ነው ባሌ የሞተው፣ አባ። አባቱ በምን እንደሞቱ ቢነገረው ኖሮ ቀድሞ ይታይ ነበር።»

የልጁ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጨዋነትሽን አመሰግናለሁ» አሉ። «እንመካከርና እንመለሳለን።» አልተመለሱም። ልጁ እስከ ዛሬ ይደውላል፤ ልጄ አንዳንዴ ታነሳለች፣ አንዳንዴ አታነሳም። ምን እንደሚባባሉ አልጠይቅም።

እህትየው ያን ቀን ሽማግሌዎቹን ከሸኘች በኋላ በር ላይ ቆመች።

«የልጆቼን በር ዘጋሽው» አለችኝ።

«ልጆችሽን ይዘሽልኝ ነይ፣ እትዬ። እኔ አስመረምራቸዋለሁ።»

«አንቺ ምን ይጎድልብሻል? የኛ ደም የለብሽ።»

«የለብኝም። ልጄ ግን አለባት።»

ከዚያ ወዲያ ቀረች። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ላይ ካየችኝ ወደ ሌላው መደብር ትሻገራለች። ለልጄ እንኳ ብላ ለበዓል አልመጣችም። ዘመድ ሁሉ ጥፋቱን ወደ እኔ አዞረው። ቤት አፍራሽ ተባልኩ፤ የወሎ ምላስ ተባልኩ። አንዳንድ ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ ጥቁሬን ለብሼ ቆሜ፣ እውነትም ምን አተረፍኩ እላለሁ። ከዚያ ወደ ክፍል እገባለሁ። ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ግን አላውቅም፤ ዛሬም አልልም። ልጄ ተመርምራለች፤ ለጊዜው ምንም አልተገኘባትም። ሐኪሟ ለጊዜው የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርጋ ነው የምትናገረው።

በዐቢይ ጾም አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እህትየው ናት። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም። መቀነቷ ሁለቴ ዞሮ ታስሯል፤ ከስታለች። ጾም ነው እንዳልል፣ ጾምን እንደ ምክንያት የሚያቀርብ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። 

«ያ ቱቦ ያማል ወይ?» አለችኝ።

«ያንቃል እንጂ አያምም። ጉሮሮን የሚያደነዝዝ ይረጩበታል።»

«ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ይህን ቃል አልሰጥም፣ እትዬ።»

ተናድዳ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። «ዱሮም ምላስሽ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «በይ ነጠላሽን ልበሺ።»

ሆስፒታል ወረፋው ረጅም ነበር። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እጄን ሳትጠይቀኝ ያዘችው። ከፊታችን የተቀመጠች ከእንደርታ ገጠር የመጣች ሴት፣ በገጠር ሰው ልማድ፣ «ምንድን ነው ያመማት?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እንዳልመልስ እጄ ተጨመቀ። ከዚያ እህትየው ራሷ ቀና አለች።

«የቤተሰብ ነው» አለቻት በትግርኛ፣ ጮክ ብላ። «አባቴንም ወንድሜንም የገደላቸው እሱ ነው። እኔን ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብዬ ነው።»

ሴትየዋ አማተበች። ከዚያ ስለ ራሷ ባል መጠየቅ ጀመረች፤ እሱም ትሪ ይገፋል አለች። እህትየው ለእሷ ስታስረዳ ተራችን አለፈ፤ ከሌላ ሦስት ሰው በኋላ ነው የገባነው።

ከሆዷ የተወሰደው ሁሉ ታየ፤ የተበተነ ሕዋስ አልተገኘም። የከሳችው ከጭንቀትና ከጾም ነው ተባለ። ወርሳ እንደሆነ ግን ማንም ሊነግራት አይችልም፤ በየዓመቱ መመለስ አለባት። ልጆቿ መጀመሪያ አንፈልግም አሉ። ትልቋ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ መጣች፤ የቀሩት ገና ናቸው። የባለቤቴ የአክስት ልጆች ደግሞ በእኔ ላይ እንደተቀየሙ ነው። ይቀየሙ።

አሁን ጠዋት አማርኛ አስተምራለሁ። ሐኪሟ ቀጠሮ በሰጠችን ቀን ከትምህርት ቤት ፈቃድ እወስድና ልጄን፣ እህትየውንና ትልቋን ልጇን ይዤ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ እምቢ ያሉት ቤትም እየሄድኩ በር አንኳኳለሁ።